ከጓሮ ቅጠል እስከ ክሊኒክ፦ የሳንባ ነቀርሳን ሕክምና የሚደግፍ የዕፅዋት መድኃኒት በጎጃም እንዴት ይዘጋጃል?

በመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ በቆምኩባቸው ዓመታት ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ከሐሳቤ የማይጠፋው የቲቢ መድኃኒት በጀመረ በሁለተኛው ወር የመጣ አንድ ገበሬ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ እህል አልወርድ ብሎታል። ጋቢው ሥር በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ አረንጓዴ ውሃ ይዟል። መጀመሪያ ለሳሉ ብለው ሰጡት፤ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ደግሞ ጎረቤቱ «የወፍ በሽታ ነው» አለና ሌላ ቅጠል ተጨመረበት። ምን ቅጠል እንደሆነ አያውቅም። ስንት ስኒ መጠጣት እንዳለበትም የነገረው የለም። ጉበቱን የጎዳው እንክብሉ ይሁን ጠርሙሱ፣ ወይስ የሁለቱ መገናኘት፣ እኛም ለይተን ማወቅ አልቻልንም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ጠርሙስ ስም፣ መጠንና ማስረጃ እንዲኖረው ለሚፈልጉ ነው፤ ለወጣት ተመራማሪዎች፣ ለፋርማሲ ባለሙያዎችና ለባህል ሐኪሞች። ለራሱ መድኃኒት ፈልጎ የሚያነብ ሰው ካለ ግን አንድ ነገር ልንገረው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

መጀመሪያ እንክብሉን ዕወቁ

ለመደገፍ የሚደገፈውን ማወቅ ይቀድማል። መድኃኒቱን ያልተላመደ ቲቢ የሚታከመው በመደበኛው አሠራር ስድስት ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል አብረው ይሰጣሉ፤ በቀሩት አራት ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ ይቀጥላሉ። ከኢታምቡቶል በቀር ሦስቱ ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ።

ሪፋምፒሲን ሌላም ጠባይ አለው፤ ጉበት ውስጥ መድኃኒትን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ያበዛል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ከእርሱ ጋር ሲወሰድ አቅም የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቅጠላችሁም የሚያልፈው በዚሁ ጉበት ነው። ኢንዛይሞቹን የሚያግድ ቅጠል አንዳንድ መድኃኒቶችን በደም ውስጥ ያበዛቸዋል፤ የሚያነቃቃቸው ደግሞ ያሳንሳቸዋል። ከሁለቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ማነሱ ነው። ታማሚው እንክብሉን አንድ ቀን ሳያጓድል እየዋጠ፣ ባክቴሪያው ግን በቂ መድኃኒት ስለማይደርሰው እየተላመደው ሊሄድ ይችላል። «እንክብሉን ጠዋት፣ ቅጠሉን ማታ» የሚለው የተለመደ ምክርም አያድነንም፤ በኢንዛይም ላይ የሚመጣ ለውጥ ለቀናትና ለሳምንታት ስለሚቆይ በሰዓት ማራራቅ አይፈታውም።

ለምሳሌ በየጓዳችን ያለውን ቁንዶ በርበሬ እንውሰድ። በውስጡ ያለው ፓይፐሪን የተባለ ንጥረ ነገር መድኃኒት በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል። በሕንድ ይህንን ጠባይ ተጠቅመው ሪፋምፒሲንን ከተለመደው 450 ሚሊ ግራም ወደ 200 ዝቅ አድርገው ከፓይፐሪን ጋር ያጣመሩበት እንክብል ሠርተዋል። በተለካ እንክብል ውስጥ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ያልተለካ የቁንዶ በርበሬ ዱቄት በማንኪያ ከሙሉ መጠን እንክብል ጋር ሲገናኝ ግን ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ «ቅጠሉ ጀርሙን ይገድላል?» ከሚለው በፊት «ቅጠሉ ከእንክብሉ ጋር ይስማማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ የተሠራው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

አንደኛ፦ ምኑን እንደምትደግፉ ወስኑ

«ለቲቢ የሚሆን» ብቻ ብላችሁ አትጀምሩ። ሳልን ማቅለል፣ የምግብ ፍላጎትን መመለስ፣ ማቅለሽለሽን መቀነስ፣ ጉበትን መጠበቅ፣ ወይም የመድኃኒቱን ባክቴሪያ የመግደል አቅም ማገዝ፤ እነዚህ አምስቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ መለኪያ አለው። አንዱን ምረጡ።

ለሳል ከመረጣችሁ የሰንሰል ነገር ያጓጓል። በየአጥሩ ዙሪያ የምናየው ሰንሰል፣ ስሚዛም የሚሉት፣ በሕንድ ለሳል ከሚታወቅ ተክል ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ዛሬ በፋርማሲ የሚሸጠው ብሮምሄክሲን የተባለው አክታ የሚያቀጥን መድኃኒት መነሻው በዚያ የሕንድ ተክል ውስጥ ያለው ቫሲሲን ነው። ነገር ግን ዘመድ መሆን አንድ መሆን አይደለም፤ ቫሲሲን ማሕፀንን የማኮማተር ጠባይ ስላለውም ነፍሰ ጡር ሴት ከወዲሁ ከሐሳባችሁ መውጣት የለባትም።

የሰውነት መመለስ ከሆነ ፍላጎታችሁ ደግሞ በቅጠል አትቸኩሉ። በሕንድ ጃርካንድ ክልል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሰፊ ጥናት ለታማሚ ቤተሰቦች የምግብ ድጋፍ ሲሰጥ ከቤተሰቡ አዲስ በቲቢ የሚያዘው ሰው በ40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ወተትና ባቄላ የሌለው ቤት ውስጥ መራራ ቅጠል መጨመር ድጋፍ አይባልም። በጾም ወራት ደግሞ ታማሚው ስለ ምግቡ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር ማበረታታት የሥራችሁ አካል ነው።

ሁለተኛ፦ ዐዋቂውን ጠይቁ፣ መብቱንም ጠብቁ

በጎጃም የመድኃኒት ዕውቀት የሚገኘው በአብነት ትምህርት ቤት ባለፉ መርጌታዎች፣ በገዳማት አባቶችና በየመንደሩ ባሉ እናቶች ዘንድ ነው። ቅጽ ዘርግታችሁ አትግቡ። የሚታወቅ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያው ቀን ለመተዋወቅ ብቻ ይሁን። «መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል» ብለው ቢዘጉባችሁ አትገረሙ። በዚህ አባባል ውስጥ እምነትም አለ፤ ዕውቀቱን ተቀብሎ በዚያው ከሚጠፋ ሰው ራስን መጠበቅም አለ።

ሲከፈትላችሁ መጀመሪያ የሚጣራው ቃሉ ነው። «ነቀርሳ» ሲባል አንዱ የሳንባውን ቲቢ፣ ሌላው የአንገት እብጠትን፣ ሌላው የማይድን ቁስልን፣ ሌላው ካንሰርን ይላል። «መርጌታ፣ ነቀርሳ ሲሉ ሰውየው ምን ይሆናል? ያስለዋል? ያልበዋል? ደም ይተፋል?» ብላችሁ ምልክቱን አስነግሩ። ከዚያ የተክሉን ክፍል፣ የሚቆረጥበትን ወቅት፣ ከማር ይሁን ከቅቤ የሚሰጥበትን መንገድና የቀኑን ብዛት ጠይቁ። በመጨረሻም «ማርከሻው ምንድን ነው?» በሉ። ለእኔ ከሁሉ የከበረው ጥያቄ ይህ ነው። ማርከሻ የተዘጋጀለት መድኃኒት መርዝነቱ በዐዋቂዎቹ ዘንድ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ለማንስ እንደማይሰጥ እግረ መንገዳችሁን ትሰማላችሁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ማግኘት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ የማኅበረሰቡ ስምምነትና የጥቅም ተጋሪነትም አብሮ ይወሰናል። የዐዋቂው ስም በጽሑፋችሁ ይጠቀስ ወይስ ይሰወር የሚለውን እርሱ ራሱ ይወስን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው እንዶድ ቢልሃርዚያን በሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ያለውን ኃይል የደረሱበት። ያንን የእንዶድ አጠቃቀም ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ግን ልብስ አጣቢዎቹ እናቶች ናቸው። ውል ስትጽፉ እነሱን አስቡ።

ሦስተኛ፦ ተክሉን በስሙ ያዙ

የአማርኛ ስም ብቻ አይበቃም። «ኮሸሽላ» በአንዱ ወረዳ አንድ እሾሃማ ተክል ሲሆን በሌላው ሌላ ነው። አበባ ወይም ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭናችሁ አድርቁ፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የሰማችሁትን ስም ሁሉ ጻፉበት፤ ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሐርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኅደር) ወይም በአቅራቢያችሁ ባለ የዕፅዋት ባለሙያ አስለዩት። ናሙናው ቁጥር ተሰጥቶት መቀመጥ አለበት። ይህ የሌለው ጥናት ከዓመታት በኋላ ማንም ሊደግመው አይችልም።

ጮቄ ተራራ ላይ የበቀለና ዓባይ በረሃ ዳር የበቀለ አንድ ዓይነት ተክል በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር እኩል ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ሰብስባችሁ አነጻጽሩ። ከቤተ ክርስቲያን ደን የምትወስዱ ከሆነ ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ። ሥሩ የሚፈለግ ተክል ሲነቀል ይሞታል። ቀበሪቾ የአገራችን ብቻ የሆነ ተክል ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ሥሩ ነው። ቅጠሉ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ እንደሆነ ሳትፈትኑ ሥሩን አትቆፍሩ፤ ካልሆነም ጓሮ ውስጥ ማብቀሉን ከመጀመሪያው አስቡበት።

የተሰበሰበውን በጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ አድርቁ። ፀረ አረም ከተረጨበት ማሳ ዳርና ከመኪና መንገድ ጠርዝ አትልቀሙ። ደረቁን በፌስታል አትቋጥሩት፤ ይሻግታል።

አራተኛ፦ መርዛማውን አስቀድማችሁ አውጡ

ላቦራቶሪ ሳትገቡ በጽሑፍ ከሚታወቀው ተነሥታችሁ ብዙውን መጣል ትችላላችሁ። ኮሶ ከልክ ሲያልፍ የዓይን ብርሃንን ይጎዳል፤ ኢታምቡቶልም በአንዳንድ ሰው ላይ ዓይንን ይነካል፤ ሁለቱን ማገናኘት ምን ይባላል? ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሆንም። የቁልቋል ወተት ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ግዛዋ በእስያ በሌላ ስም በብዛት የሚሸጥ ተክል ነው፤ ከእርሱ የተሠሩ ማሟያዎችን በወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ተመዝግቧል። እርድ እንኳን በአልጫ ውስጥ ምግብ ነው፤ በእንክብል ተጠናክሮ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲወሰድ ግን ጉበታቸውን የታመሙ ሰዎች አሉ።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ከተባለው መርዝ ነው። ሽታ የለው፣ ሲጠጣ አያቃጥል፤ ጉበትን የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው። የሽኮኮ ጎመን ይህ መርዝ ካለበት የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ብዙ ሰው ሆዱ ውሃ እየቋጠረ የሞተበትን የጉበት በሽታ ተመራማሪዎች እህል ውስጥ ከገባ አረም ከሚመጣው ከዚሁ መርዝ ጋር አያይዘውታል። ጉበቱ በሦስት መድኃኒት ለተጫነ ሰው እንዲህ ያለ ተክል በምንም መጠን አይታሰብም።

አምስተኛ፦ ማንጠር

ቅጠሉን በውሃ ወይም በአልኮል ነክሮ የሚወጣውን፣ ውሃው ተንኖ የሚቀረውን ወፍራም ነገር እዚህ «ንጥር» እለዋለሁ፤ እንደ ቅቤው። የመጀመሪያው ንጥራችሁ ዐዋቂው በሚያዘጋጅበት መንገድ ይሁን፤ ቀቅሎ ከሆነ ቀቅሉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አሳድሮ ከሆነ አሳድሩ። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒን ያገኘችው ከጥንት ጽሑፍ ተነሥታ ሙቀቱን ስትቀንስ ነው፤ መቀቀሉ ኃይሉን ያጠፋው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ጎን ለጎን አንድ መደበኛ ዘዴ ያዙ፦ አንድ እጅ የተፈጨ ደረቅ ቅጠል በአሥር እጅ 80 በመቶ አልኮል ውስጥ፣ አልፎ አልፎ እየተናወጠ ለ72 ሰዓት፤ ከዚያ ማጥለልና ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ማትነን። ከስንት ግራም ቅጠል ስንት ግራም ንጥር እንደወጣ መመዝገብ አትርሱ፤ በኋላ የሰውን መጠን የምታሰሉት ከዚህ ነው። ለታማሚ በሚሰጠው ዝግጅት ውስጥ ግን አረቄ አይግባ። አልኮል ከአይሶኒያዚድ ጋር ሲገናኝ የጉበቱን አደጋ ያብሰዋል።

ስድስተኛ፦ በላቦራቶሪ ከእንክብሉ ጋር አፋጥጡት

የቲቢ ባክቴሪያ በተራ ላቦራቶሪ አይራባም። ሦስተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት ደኅንነት ያለው ክፍል ያስፈልገዋል፤ አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በቲቢ ምርምር የቆየ ልምድ አለው፤ ከእንደዚህ ካለ ተቋም ጋር ተባበሩ። በአካባቢያችሁ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ማድረግ የምትችሉት በሰው ላይ እምብዛም በሽታ በማያመጣው በፈጣኑ ዘመዱ በማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስ መሞከር ነው። እርሱ በሁለት ሦስት ቀን ይበቅላል፤ ዋናው ግን ሳምንታት ይፈጃል። ይህ ማጣሪያ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በዘመዱ ላይ የሠራ ንጥር በዋናው ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል።

ውጤት ስታነቡ ለራሳችሁ ጨክኑ። ያልተጣራ ንጥር ባክቴሪያውን ለማቆም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 ማይክሮግራም በላይ የሚፈልግ ከሆነ ባክቴሪያ ገዳይ ነው ብላችሁ አትሩጡበት። የሰው ሕዋስን የሚገድልበት መጠን ባክቴሪያውን ከሚያቆምበት ቢያንስ አሥር እጥፍ ይራቅ። ካልራቀ የገደለው በመርዝነቱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ፈተና ነው። ንጥሩንና ሪፋምፒሲንን፣ ንጥሩንና አይሶኒያዚድን በተለያየ መጠን በገበጣ መልክ እያደባለቃችሁ ፈትኑ። የጥምረቱ ስሌት (ሁለቱ ሲጣመሩ የሚያስፈልጋቸው መጠን ለየብቻቸው ከሚያስፈልጋቸው ምን ያህሉ እንደሆነ ተሰልቶ የሚደመረው) 0.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተጋግዘዋል፤ ከ4 በላይ ከሆነ ተጣልተዋል። በመካከሉ ያለው ምንም አለመሆኑን አምናችሁ ጻፉት፤ ለሳል ወይም ለምግብ ፍላጎት የሚሆን ተክል ከሆነ «ምንም አለማድረጉ» መልካም ዜና ነው። ከዚያ ንጥሩ በጉበት ኢንዛይሞች ላይ የሚያደርገውን በተለይ ይፈተን። ይህን ያላለፈ ተክል፣ ባክቴሪያውን የቱንም ያህል ቢገድል፣ ወደ ታማሚ አይቅረብ።

ሰባተኛ፦ እንስሳና ምርት

በአይጥ ላይ የሚደረገው የአጣዳፊ መርዛማነት ፈተና በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት እስከ 2000 ሚሊ ግራም በኪሎ ይደርሳል፤ እንስሳው 14 ቀን ይታያል። ቀጥሎ የ28 ቀን ተደጋጋሚ መጠን አለ። አብዛኛው ጥናት እዚህ ላይ ንጥሩን ብቻውን ሰጥቶ ያበቃል። እናንተ አንድ ተጨማሪ ቡድን ክፈቱ፤ ንጥሩና የቲቢ መድኃኒቶቹ አብረው የሚሰጡት። የጉበት ምርመራው ከዚያ ቡድን ካልመጣ ለእኛ ጥያቄ መልስ የለውም።

ምርቱ እያንዳንዱ ዙር ከቀዳሚው ጋር አንድ መሆኑ በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ በሚያሳየው በክሮማቶግራፊ ይታይ፤ እርጥበቱ፣ ሻጋታውና ከባድ ብረታ ብረቱ ይለካ። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ዝርዝር ገና ስትጀምሩ ውሰዱት፤ ጨርሳችሁ ስትሄዱ የጎደለውን ለማሟላት ከሐርባሪየም ቁጥር መጀመር ሊኖርባችሁ ይችላል።

ስምንተኛ፦ ወደ ሰው

ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴና ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አንድም ሰው አይቅመስ፤ ጥናቱም ከመጀመሩ በፊት በአፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ይመዝገብ። ሁሉም ታማሚ ሙሉውን መደበኛ ሕክምና ያገኛል፤ ግማሹ በላዩ ላይ የእናንተን ዝግጅት፣ ግማሹ አምሳያውን፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበትን ግን እርሱን የሚመስለውን። የአምሳያው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። እንደ ግራዋ ያለ መራራ ከሆነ አምሳያውም ሊመር ይገባል፤ ካልሆነ በሁለተኛው ቀን በወረፋ ላይ ተቀምጠው ቀማምሰው ይለዩታል። ነፍሰ ጡሮችን፣ የጉበት ሕመም ያለባቸውንና የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱትን በመጀመሪያው ጥናት አታስገቡ።

የጉበት ምርመራ ከመጀመሪያው በፊት፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ደጋግማችሁ አድርጉ። ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚበዛው ኤኤልቲ የተባለው ኢንዛይም የሕመም ምልክት ካለ ከላይኛው ጤናማ መጠን ሦስት እጥፍ፣ ምልክት ከሌለ አምስት እጥፍ ሲያልፍ ሁሉም ይቆማል፤ ሐኪሙም ይወስናል። ሽንት ወደ ቀይ ብርቱካን መቀየሩ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፤ ታማሚው በቅጠሉ እንዳያሳብብ ወይም ደንግጦ ሁለቱንም እንዳይተው አስቀድማችሁ ንገሩት። ለውጤት ክትትል የአክታ ማይክሮስኮፕና ካልቸር (ባክቴሪያውን አራብቶ ማየት) ተጠቀሙ፤ የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ምርመራ የሞተውን ባክቴሪያ ቅሪትም ስለሚያይ የዳነውን እንዳልዳነ ሊያስመስለው ይችላል። ክብደት በየወሩ፣ በአንድ ሚዛን። ጸበል የሚሄድ ካለ አትከልክሉት፤ እንክብሉን ይዞ እንዲሄድ፣ በዚያም ሳያቋርጥ እንዲውጥ ተነጋገሩ።

እስከዚያ ድረስ በመስኮቱ ላይ

ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፤ ታማሚው ግን ነገም ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መድኃኒት በሰጣችሁ ቁጥር «አባቴ፣ ከዚህ ሌላ የሚጠጡት ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ድምፃችሁ ቁጣ አይኑርበት፤ የተቆጡበት ሰው ሁለተኛ አይናገርም። ካለ ለጊዜው እንዲያቆመው፣ እንክብሉን ግን እንዲቀጥል ንገሩት። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ካስመለሰው ያንኑ ቀን ሐኪም ይየው። ውሃውን አይታችሁ ምንም አታውቁም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አበባ ያለውን ቅርንጫፍ እንዲያመጣላችሁ ለምኑት። ቅርንጫፉን በጋዜጣ መካከል አስቀምጡ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ታማሚው የነገራችሁን ስም ከጎኑ አስፍሩ።